የወገብ ልክ

የልጄ ጉርድ ቀሚስ ወገብ ላይ ያየሁት ስፌት የእኔ አልነበረም።

እንዴት አወቅሽ የሚለኝ ካለ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አጥር ፊት ለፊት ነው፤ የግቢውን ተማሪ ግማሹን ያለበስኩት እኔ ነኝ። የሰው ፊት ልረሳ እችላለሁ፣ የሰፋሁትን ወገብ ግን አልረሳም። የልጄን የሚጣን ዩኒፎርም ደግሞ በዓመቱ መጀመሪያ ለክቼ፣ ቆርጬ፣ ሰፍቼና ተኩሼ የሰጠኋት ራሴ ነኝ። አሁን የታጠበውን ከገመድ ላይ አውርጄ ሳጥፈው፣ የጎኑ ስፌት ተተርትሮ በእጅ መርፌ እንደገና ተይዟል። ቁልፉም ወደ ጫፍ ሸሽቷል። ክሩ ጥቁር ነው፤ እኔ የሰፋሁበት ሰማያዊ ነበር።

ልጅ ያድጋል፣ ይወፍራል፣ እሱ አላስደነገጠኝም። የልብስ ሰፊ ልጅ ቀሚስ ሲጠባት «እማዬ ጠበበኝ» ማለት ነው ያለባት። ይቺ ግን ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት የሚሰለቻት ልጅ፣ ተደብቃ ስትተረትርና ስትሰፋ ከርማለች። ሰው የሚደበቀው የሚደበቅ ነገር ሲኖረው ነው። ቀሚሱን እንደያዝኩ ገመዱ ሥር ቆሜ ቀረሁ።

ሱቄ ውስጥ አንድ የማይወራ ደንብ አለ። ያመጣችው የትምህርት ቤቱ ምክትል ርዕሰ መምህርት ናት፤ ልጆቹ «ራዳር» ይሏታል። በየመንፈቁ ብቅ ትልና ጨርቅ የምትመርጥ መስላ፣ «ከልጆቹ መሃል ወገብ አስፊልኝ ብላ የመጣች የለችም?» ትለኛለች። ከተገኘች ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን። ወላጅ ይጠራል፣ ልጅቷ ከትምህርት ትባረራለች፣ ሰፈሩም ለወራት የሚያላምጠው ያገኛል። እኔ «የለችም» እላለሁ፤ እውነቴን ነው። ልጆቹ ሞኝ አይደሉም፤ ቀሚስ የጠበባት ትንፋሿን ውጣ ትውላለች እንጂ እኔ ዘንድ አትመጣም። የዩኒፎርሙን ሥራ የምትሰጠኝ ራዳር ስለሆነች፣ ጥያቄዋ ቢያንገሸግሸኝም ክፉ ቃል ተናግሬያት አላውቅም። ሚጣም ከጥግ ሆና ልብስ እየተኮሰች ይህን ሁሉ ስትሰማ ነው ያደገችው።

ወዲያው አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት ትዋሸኛለች፤ እኔስ በእሷ ዕድሜ ለእናቴ መቼ እውነት ነግሬ አውቃለሁ? ስለዚህ መሰለል ጀመርኩ።

ሳህኗን ስመለከት ግማሹን ትታዋለች። ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ትከፍታለች፤ ከውሃው ድምፅ ሥር ስታስመልስ ይሰማኛል። ከሱቄ በር ሆኜ በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ ጓደኞቿ ሲሮጡ እሷ ጎኗን ይዛ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ደግሞ ያ ነገር አለ። እኛ ቤት የወር አበባ «ያ ነገር» ነው የሚባለው። ሌላ ስም መስጠት ለእኔ አደባባይ ላይ ልብስ እንደማውለቅ ነው። መጀመሪያ የመጣባት ለት ሞዴስ ገዝቼ ትራሷ ሥር አኖርኩላትና «ከእንግዲህ ትልቅ ሰው ነሽ፣ ከወንድ ራቂ» አልኳት። ትምህርቱ እዚያው ተጀምሮ እዚያው አለቀ። አሁን ቁም ሳጥኗን ስበረብር እሽጉን ሳይከፈት አገኘሁት።

አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ሲደውል «ሚጣዬ እንዴት ናት?» ይላል፣ «እያጠናች ነው» እላለሁ። የመጨረሻው ፈተና ደርሷል። ከዚያ ፈተና በፊት ከትምህርት ቤት ከተባረረች የልጄ ነገር በቃ፣ አበቃ። ይህን እያሰብኩ የስፌት መኪናዬን ስረግጥ መርፌው ጣቴ ውስጥ ገባ። ከጀማሪነቴ ወዲህ ጣቴን ወግቼ አላውቅም ነበር።

ቀጥሎ ያሰብኩት ማን ነው የሚለውን ነበር።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጎረቤቴን ፎቶ አንሺውን ነው። ፀጉሩ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ፣ ያላገባ፣ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ «እስቲ ፈገግ በሉ» የሚል ሰው ነው። ሱሪ ይዞልኝ ይመጣል፤ አንዴ አሳጥሪልኝ፣ አንዴ አጥብቢልኝ። የዚህ ሰውዬ ሱሪ በየጊዜው የሚረዝመው ምን እየበላ ነው? ቀድሞ አስቤው አላውቅም፤ አሁን ግን ሁሉም ነገር ትርጉም ያለው መሰለኝ። በዚያው ሳምንት ደግሞ ሱሪውን ክንዱ ላይ ጥሎ መጣ።

«እትዬ፣ ሚጣ የለችም እንዴ ዛሬ?»

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ኧረ ምንም። እሷ ላይ ሲለካ ነው እግሩ ልክ የሚመጣልኝ።»

እውነቱን ነው። ልብስ የሚሰቀልበት አሻንጉሊት የለኝም። የሱሪ እግር ሳሳጥር ሚጣን ወንበር ላይ አቆምና ከቀሚሷ ሥር ሱሪውን አስለብሻት ጫፉን በስፒል እይዛለሁ። ቁመቷ ከፎቶ አንሺው ጋር እኩል ነው። ባለቤቱ እስኪመጣ አልጠብቅም፣ ሥራዬም ይቀላጠፋል። ለዓመታት እንዲህ ስንሠራ ምንም አልታየኝም ነበር። ያን ቀን ግን የልጄ ስም ከአፉ ሲወጣ እንደ ሚጥሚጣ ፈጀኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ ሱሪህን ራስህ ተለካ» ብዬ ወረወርኩለት።

«እሺ በቃ፣ ምን አጠፋሁ?» ብሎ እየሳቀ ወጣ። ለምን ሳቀ? ማታውን ሙሉ ያንን ሳቅ ሳገላብጠው አመሸሁ።

በማግስቱ ሚጣን ልፈትናት አሰብኩ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሜትሬን ከአንገቴ አወረድኩና «ነይ እስቲ ልለካሽ፤ ለፈተናው አዲስ ቀሚስ ልስፋልሽ» አልኳት።

እሳት እንደነካት ወደ ኋላ አለች። «አይ እማዬ፣ ይሄኛው ይበቃኛል።»

አዲስ ልብስ ይቅርብኝ የምትል ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። ጥርጣሬዬ ላይ ማኅተም መታችበት።

ቦርሳዋን ፈተሽኩ። የባዮሎጂ መጽሐፏ መጨረሻ አካባቢ ያሉት ገጾች በስቴፕለር አንድ ላይ ተመትተዋል። እንዲያ የተመቱት የሁሉም ተማሪ መጻሕፍት እንደሆኑ አውቃለሁ፤ በወላጆች ስብሰባ ላይ ያ ምዕራፍ ይዘጋ ሲባል ከጮኹት አንዷ ነበርኩ። ከጤና ጣቢያ ነርስ መጥታ ለልጆቹ ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና ታስተምር ሲባልም ጮኬያለሁ። ልጆቻችንን የማያውቁትን ልታሳውቃቸው ነው ወይ ብዬ ነው የጮኽኩት፣ ከልቤ ነው የጮኽኩት። በሚጣ መጽሐፍ ላይ ግን የስቴፕለሩ ሽቦ ተነቅሎ ገጾቹ ተከፍተዋል። ሥዕል ያለባቸውን ከሷ በፊት መጽሐፉን የያዘ ተማሪ በምላጭ ቆርጦ ወስዷቸዋል፤ የቀሩት የምዕራፉ መጨረሻ ላይ ያሉት የመልመጃ ጥያቄዎች ብቻ ናቸው። እኔ ያየሁት ግን የተነቀለውን ሽቦ ነው። ልጄ ምን ፍለጋ ነው የነቀለችው? ማንስ አሳያት?

በነጋታው መጽሐፉን ይዤ ወደ ባዮሎጂ አስተማሪው ሄድኩ። ሁለተኛው ተጠርጣሪዬ እሱ ሆነ።

ወጣት ነው፣ ቀጭን፣ ሸሚዙ ትከሻው ላይ የሰፋው። ማን እንደሰፋለት እንጃ፣ እኔ አይደለሁም። ቤተ ሙከራው ውስጥ ብቻውን ብርጭቆ ያጥባል። ገብቼ በሩን ስዘጋ ብርጭቆውን አስቀምጦ እየሮጠ መጥቶ መልሶ ከፈተው።

«ክፍት ይሁን፣ ይቅርታ» አለኝ።

«ምን ያስፈራሃል?»

«የሴት ተማሪ እናት ነዎት። እኔ ደግሞ ባዮሎጂ ነው የማስተምረው።»

ይህ መልስ ነው? ፊቱን መረመርኩት፤ ላብ ችፍ ብሎበታል። መጽሐፉን ፊቱ ዘረጋሁና የተነቀለውን ሽቦ አሳየሁት።

«ይህን ምዕራፍ ለልጄ አስተምረሃታል?»

«እኔ?» ብሎ ደረቱን ያዘ። «እኔ ያንን ምዕራፍ ከተቀጠርኩ ጀምሮ ነክቼው አላውቅም። እዚያ ስንደርስ ‘እቤታችሁ አንብቡት’ እላለሁ፣ ወደ ክለሳ እገባለሁ። ከእኔ በፊት የነበረው መምህር ሰሌዳ ላይ ሥሎ ነበር፤ አንድ አባት መጥቶ በተማሪ ፊት አንገቱን አነቀው። እናንተም አትፈልጉም፣ ምክትሏም አትፈልግም፤ እኔም እንጀራዬን እፈልጋለሁ።»

«ልጄን ብቻዋን አግኝተሃት ታውቃለህ?»

ወደ ተከፈተው በር አየ። እጄ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መጽሐፍ ጨምድዶ ያዘው።

«አንድ ቀን» አለ በመጨረሻ። «ሁሉም ሲወጡ እሷ ቀረች። ‘ቲቸር አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ስለዛ ምዕራፍ ነው’ አለችኝ። ውጪ አልኳት።»

«ጥያቄዋ ምን ነበር?»

«አላስጨረስኳትም። ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን እኮ። ሰው ቢያየን ምን ይል ነበር?» እጁን በሸሚዙ አደረቀ። «ስትወጣ እያለቀሰች ነበር። እሱ ትንሽ ከንክኖኛል።»

የከነከነው ሌላ ነገር ነው ብዬ ደመደምኩ። ንጹሕ ሰው በር ለመክፈት እንዲያ አይሮጥም። ወጥቼ ስሄድ ዞሬ ሳየው አሁንም እያየኝ ነበር። በልቤ ሁለት ስም ይዤ ተመለስኩ።

በዚያው ከሰዓት ራዳር ሱቄ መጣች። ሚጣ ጥግ ላይ ካለው ጠረጴዛ ኋላ ቆማ ሸሚዝ እየተኮሰች ነው። ራዳር ዛሬ ጨርቅ የምትመርጥ ለመምሰልም አልደከመች፤ ዐይኗ ቀጥታ ልጄ ሆድ ላይ አረፈ።

«ልጅሽ ከስፖርት እየቀረች ነው። ክፍል ውስጥም አስመልሷታል። ምን ሆና ነው?»

«ጨጓራዋን ነው።»

«ጨጓራ።» ቃሉን እንደማይረባ ጨርቅ አሽታ አየችው። «የጨጓራ ተማሪ ብዙ አይቻለሁ እኔ። በዘጠኝ ወሩ ጨጓራው ይወለዳል።»

«እትዬ፣ ልጄ ፊት እንዲህ አይናገሩ።»

«ጥሩ፣ እኔም ስም ማጥፋት አልፈልግም። ሜትሩ አንገትሽ ላይ ነው። የዓመቱ መጀመሪያ ልኳን ታውቂዋለሽ። ነይ በያት፣ እዚሁ ፊቴ ለኪያት፤ ልክ ከሆነች ይቅርታ ጠይቄ እሄዳለሁ።»

ሚጣን አየኋት። ካውያውን ሸሚዙ ላይ እንዳቆመች ረስታዋለች፤ የሚቃጠል ጨርቅ ይሸተኛል። ዐይኗ እኔ ላይ ተተክሏል። እኔ እኮ ይህን ልክ ለማወቅ ስንት ቀን እንቅልፍ አጥቻለሁ! አሁን ግን እጄ ወደ ሜትሩ ሲሄድ ልጄን ለራዳር አሳልፌ እንደመስጠት ሆነብኝ። አውርጄ ጠቀለልኩትና ኪሴ ከተትኩት።

«አልለካም» አልኳት። «የዩኒፎርሙን ሥራም ከፈለጉ ለሌላ ይስጡት።»

ራዳር መልስ ልትሰጠኝ አፏን ስትከፍት ሚጣ ጮኸች። እንዲህ ያለ ጩኸት ከልጄ ሰምቼ አላውቅም። ካውያው መሬት ወደቀ፣ እሷም ጎኗን በሁለት እጇ ይዛ ጠረጴዛው ሥር ተጠቀለለች።

«አላልኩም?» አለች ራዳር።

የራዳርን ክንድ ይዤ ከበሩ አወጣኋትና መጋረጃውን ጋረድኩ። ከዚያ ልጄ አጠገብ ተንበረከኩ። ደግ እናት ብሆን ኖሮ መጀመሪያ የምጠይቃት የት ጋ ነው የሚያምሽ ብዬ ነበር። እኔ ግን አገጯን ይዤ «ማን ነው?» አልኳት።

«እማዬ…»

«ማን ነው? ተናገሪ!»

«ፎቶ አንሺው…»

አውቄዋለሁ! መቀሱን ከጠረጴዛው አንስቼ ተነሳሁ። ምን ላደርግበት እንደነበር እስካሁን አላውቅም። ሚጣ ቀሚሴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«እማዬ ተይ! እሱ ምንም አያውቅም!»

«እንዴት ነው የማያውቀው?»

«ሱሪው ነው።» ጥርሷ ይንገጫገጫል። «ሳይታጠብ ያመጣው ሱሪ፤ ወንበር ላይ አቁመሽ ስታስለኪኝ። የወንድ ላብ ያለበትን ከለበስሽ ያስረግዛል ይላሉ ልጆቹ። ሁሉም ነው የሚሉት እማዬ። ከዚያ በኋላ ነው ሆዴ መነፋት የጀመረው፣ ፔሬዴም ቀረ። ከየት እንደሆነ ሳስብ ሌላ ምንም የለም።»

አላመንኳት። እንዴት አድርጌ ልመናት? ይቺ የአልጀብራ ጥያቄ የምትፈታ ልጅ ናት። በሱሪ! ሰው ስትደብቅ እንዲህ ያለ ሞኝ ምክንያት ታቅርብልኝ?

«ማንን ነው የምትሸፍኚው? አስተማሪውን ነው?»

«ማንንም! እሱንማ እውነት መሆኑን ልጠይቀው ብሄድ አባረረኝ።»

«እናቴ ትሙት በይ።»

ሚጣ በእኔ ምላ አታውቅም። ሕፃን ሆና እንኳ ጓደኞቿ ሲያስምሏት በራሷ ነበር የምትምለው። ግንባሯን ጉልበቴ ላይ አድርጋ «እናቴ ትሙት» አለችኝ፤ ወዲያው ወለሉ ላይ አስመለሳት።

አይደለም ልጄ፣ በልብስ አይረገዝም ልላት አፌን ከፈትኩ። ታዲያ በምንድን ነው ብትለኝስ? የማውቀውን ነገር የምናገርበት አንድ ቃል እንኳ አፌ ላይ አልነበረም። ትራፊ ጨርቅ አንስቼ አፏን ጠረግኩላት።

ጩኸቱን ሰምቶ ፎቶ አንሺው መጋረጃውን ገልጦ ገባ። ምንም ሳይጠይቅ ባጃጅ አስቁሞ ልጄን በክንዱ አቅፎ አስገባት። እመኑኝ፣ በዚያች ሰዓት እንኳ እጁ የት እንዳረፈ እያየሁ ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ የተቀበለችን ሐኪም ከሚጣ ብዙም የማትበልጥ መሰለችኝ፤ እሱም አጠራጠረኝ። «እናት፣ ለጊዜው ውጪ ይጠብቁኝ፤ ብቻዋን ላናግራት» አለችኝ። ከእኔ የሚደበቅ ምን አለ? ወጣሁ፤ ግን ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። የሐኪሟ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው። የሚጣ «በፍጹም፣ ማንም» የሚል ቃል ሁለት ሦስቴ ተሰማኝ። ከዚያ አልትራሳውንድ ወዳለበት ክፍል ወሰዷት።

ሐኪሟ ስትመለስ ፈጠን ፈጠን እያለች ነበር።

«እርግዝና የለም» አለችኝ። «ሆዷ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ትልቅ እጢ አለ፤ ተጠማዟል፣ ሕመሙም ከዚያ ነው። አሁኑኑ ኦፕራሲዮን መግባት አለባት። እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። እርግዝና የለም! ፈረምኩ። የሐኪሟን እጅ ይዤ ሳምኩ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ እንባዬ እየወረደ እየሳቅኩ ስልኬን አወጣሁና እዚያው ራዳር ጋ ደወልኩ።

«እጢ ነው!» አልኳት። «ሰሙ? እጢ ነው! ልጄ ንጹሕ ናት!»

«ጥሩ። የሐኪም ማስረጃ ይዘሽ ነይ» አለችኝ። አልተናደድኩም። እንኳን ወረቀት፣ እጢውን በሳህን አመጣልዎታለሁ ብያት ዘጋሁት።

ሚጣ በጋሪ አልጋ ላይ ተኝታ አጠገቤ እንዳለች ያየሁት ያኔ ነው። ከንፈሯ ነጥቷል። ለካ ሁሉንም ሰምታለች።

«እማዬ፣ ሆዴን ሊቀድዱኝ እኮ ነው» አለችኝ። «ምን አስደሰተሽ?»

ወዲያው አልጋውን ገፉት፣ በሩም ተዘጋ።

ኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ፎቶ አንሺው ውሃ ገዝቶ አመጣልኝና ራቅ ብሎ ቆመ። አመሰገንኩት፤ ዐይኑን ማየት ግን አቃተኝ። ያ ሳቄ አሁን አፌ ውስጥ መራራ ሆነ። ስንት ጠዋት ከቧንቧው ኋላ ስታስመልስ ሰምቻታለሁ። ስንት ጊዜ ጎኗን ይዛ አይቻታለሁ። ሳይ የነበረው ወንድ ነው፤ ሕመም ነው ብዬ አንድ ቀን አላሰብኩም።

ሐኪሟ ስትወጣ ጭምብሏን ወደ አገጯ ዝቅ አደረገች።

«ደህና ናት፣ ተርፋለች» አለች። «እጢው ግን ሲጠማዘዝ የግራ እንቁልጢዋን ደም ስለከለከለው ልናድነው አልቻልንም፤ አብሮ ወጥቷል። ሕመሙ ሲጀምራት መጥታችሁ ቢሆን እጢውን ብቻ አውጥተን እሱን እንተወው ነበር። ገባዎት እናት?»

አጠገባችን ወረፋ የሚጠብቁ ወንዶች ቆመው ይሰማሉ። እንቁልጢ የሚባል ነገር ሰው ሆድ ውስጥ መኖሩን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ አላውቅም፤ ከስሙ ግን የሚያሳፍር ነገር እንደሆነ ገመትኩ። እነዚያ ሰዎች ፊት ዘርዝሪልኝ ልበላት?

«ገብቶኛል» አልኳት። ነርስ ጠራቻትና ሄደች።

ሚጣ የነቃችው ፀሐይ በመስኮቱ ወደ አልጋዋ እግር ስትደርስ ነው። ከንፈሯን በእርጥብ ጥጥ አበስኩላት። ፀጉሯን ደባበስኩላት፤ እጄን አልገፋችውም፣ ግን ወደ እኔም አልዞረችም።

«ምን አወጡልኝ?» አለች።

«እጢውን ነዋ። አበቃ፣ ዳንሽ።»

«እሱን አይደለም። ነርሷ ለጓደኛዋ ስትነግራት ሰምቻለሁ። ሌላም ነገር አውጥተናል አለች።»

«እ… አዎ፣ የሆነ ነገር።»

«ምንድን ነው?»

ጥጡን ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ። ዐይኗ ዐይኔ ውስጥ ገብቷል፤ እዚያ የማየው ሕመም ብቻ አይደለም። አሁን የምትጠራጠረው እሷ ነች፣ የምትጠረጥረውም እኔን ነው።

«አላውቅም» አልኳት።

«አልነገሩሽም?»

«ነገሩኝ። አልገባኝም።»

ብርድ ልብሱን ወደ አንገቷ ሳበች። ከዚያ ድምፅዋ ሊሰማ ሲል እየጠፋ፣ «እማዬ፣ ወደፊት ልጅ መውለድ እችላለሁ?» አለችኝ።

ስንት ቀን ሙሉ ተንበርክኬ፣ ቆሜ፣ ልብስ እየሰፋሁ፣ ልጄ እንዳትወልድ ስጸልይ ከርሜያለሁ። አሁን ትወልድ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ እኔ ሆዴ ውስጥ ተሸክሜ የወለድኳት ሴትዮ መልሱን አላውቀውም። ብዋሻትስ? እንዴታ፣ ደርዘን ትወልጃለሽ ብላትስ? ይህን ሁሉ ያደረሰብን ያለ እውቀት የተወራ ወሬ አይደለም ወይ?

ተነሳሁና በሩን ከፈትኩ። ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል፤ እነዚያ ወንዶች አሁንም ወረፋቸውን ይጠብቃሉ። ሐኪሟ ጫፍ ላይ ደርሳ ልትታጠፍ ነው።

«ዶክተር!» ብዬ ጮኽኩ። «ቅድም ገብቶኛል ያልኩዎት ውሸቴን ነው። አልገባኝም። ልጄ ምን እንደወጣላት ማወቅ ትፈልጋለች፤ መውለድ እችላለሁ ወይ እያለች ነው። ከመጀመሪያው ጀምረው ይንገሩን፣ ለሁለታችንም።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ ሐኪሟ ተመልሳ እስክትመጣ ድረስ በሩን ከፍቼ እንደያዝኩ ጠበቅኳት።